የፀረ አየር ሚሳይል ሻለቃ፤ መሣሪያውና ኑሮው

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ መራዊ የገባን ጥቂት ተማሪዎች በገበያ ቀን ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጠን ስንጫወት፣ ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ አይሮፕላን በላያችን አለፈ። ሽማግሌው ቀና ብለው እስኪሰወር ድረስ ተመለከቱትና፣ «ልጆቼ፣ ይህ የሚያልፈው የማን እንደ ሆነ እዚህ ታች ያለ ሰው በምን ያውቀዋል?» ሲሉ ጠየቁን። ከእኛ አንዱ ፈጠን ብሎ «በራዳር ነዋ፣ አያ» አላቸው። «ራዳሩ ስሙን ያነብለታል?» አሉ። እርስ በርሳችን ተያየን፤ የሚመልስ አልተገኘም።

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን፤ ቁጥርና ስሌት ባየን ጊዜ ዓይናችን ይፈዛል። ነገር ግን ያ ጥያቄ አላስቀምጥ ስላለን፣ ወደ ትምህርታችን በተመለስን ጊዜ መጻሕፍት አገላብጠን፣ ከምሕንድስና ወዳጆቻችንም ጋር እስከ ሌሊት ተከራክረን የተረዳነውን ያህል ለመጽሔታችን አንባቢዎች እናቀርባለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቈጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። ሚሳይል የሚባለውን በአማርኛችን ተወንጫፊ፣ የሚነሣበትንም ማስወንጨፊያ እንለዋለን። ሁለቱም የተወለዱት ከወንጭፍ ነው። የሜጫ ልጅ ደግሞ ወንጭፍን ከማንም ሳይማር ያውቃል። እህሉ ማሸት ሲጀምር በማሳው መካከል ማማ ይሠራና አንድ ልጅ ከንጋት እስከ ማታ ይቀመጥበታል፤ ወፍ ሲመጣ ይጮኻል፣ አልሄድ ሲል ይወነጭፋል። ማማ ላይ የዋለ ሰው እንደሚመሰክረው፣ ሥራው መወንጨፍ አይደለም፤ ማየትና መጠበቅ ነው። ድንጋይ የሚወረወረው በቀኑ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ነው፤ የቀረው ጊዜ ከፀሐይና ከእንቅልፍ ጋር ትግል ነው። ስለ ሚሳይል ሻለቃ ያነበብነው ሁሉ ይህንኑ ማማ ሲያስታውሰን ሰነበተ።

አገራችን ከሰማይ በሚመጣ ጠላት የተፈተነችው ቀደም ብላ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አይሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ከመትረየስ ኋላ ሆነው ተኩሰዋል። በዚያን ጊዜ ሠራዊታችን ኤርሊኮን የሚባሉ 20 ሚሊ ሜትር የአየር መቃወሚያ መድፎች ነበሩት፤ ግን እጅግ ጥቂት ነበሩ። መድፍ የሚተኩሰው በዓይኑ ያየውን ነው፤ አይሮፕላን ደግሞ ከፍ ባለ ጊዜ፣ ደመናም በጋረደው ጊዜ፣ ከመድፉ ይድናል። ስለዚህ የኋለኛው ዘመን ሁለት ነገር ፈለገ፤ አንደኛው ከዓይን የራቀውን የሚያይ ዓይን፣ ሁለተኛው እዚያ ድረስ የሚሄድ ክንድ።

ዓይኑ ቀድሞ መጣልን። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በኦጋዴን በኩል ሲገባ፣ በካራማራ መተላለፊያ የቆመው አሜሪካ ሠራሽ ራዳር ጠላት ከየት እንደሚመጣ ለኤፍ-5 አብራሪዎቻችን ይነግራቸው ነበር። በዚያ ሐምሌ ወር በአየር ላይ ስለ ተገኘው ድል ሲወራ የአብራሪዎቹ ጀግንነት ይነሣል፤ ያም ተገቢ ነው። ከድንጋዩ ላይ ተቀምጠው «በዚህ በኩል፣ በዚህን ያህል ከፍታ» ይሉ የነበሩት ሰዎች ግን እምብዛም አይነሡም። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ስትወድቅ ያ ከፍታ ከእጃችን ወጣ፤ የተመለሰውም የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። በዚያው ጊዜ ሶቪየት ኅብረት መሣሪያ ማቅረብ ጀመረች፤ ከታንኩና ከሚጉ በኋላም ኤስ-75 እና ኤስ-125 የሚባሉት የፀረ አየር ሚሳይሎች መጡ። ክንዱም በዚህ ተገኘ።

የኤስ-75 አንዱ ዓይነት ዲቪና፣ ሌላው ቮልጋ ይባላል፤ ኤስ-125 ደግሞ ፔቾራ። ሦስቱም የሩስያ ወንዞች ስሞች ናቸው። መሣሪያውን እኛ ሠርተነው ቢሆን ኖሮ ግልገል ዐባይና ቆጋ ባልነው ነበር።

አሁን አንባቢ ወደ መራዊ ይመለስልን። በመራዊ እንዲህ ያለ ሻለቃ አለ ማለታችን አይደለም፤ ሜዳውን ስለምናውቀው ለትምህርት ያህል በአሳባችን እናቆመዋለን። መራዊ ከባሕር ዳር በዳንግላ በኩል ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማው ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ርቃ ትገኛለች። በዙሪያዋ የቆጋ ግድብ ውሃ የሚጠጣ ሜዳ ተዘርግቷል፤ በስተደቡብ የሰከላና የአገው ምድር ከፍታዎች ይታያሉ፤ በስተሰሜን መሬቱ ወደ ጣና ዝቅ ይላል። እንግዲህ የሚጠበቀው የባሕር ዳር አይሮፕላን ማረፊያ ነው እንበል።

የቮልጋ ሻለቃ ሲሰፍር በመካከል የመሪው ራዳርና የመቈጣጠሪያው ክፍሎች ይቆማሉ። እነዚህ ክፍሎች በተሳቢ ላይ የተሠሩ መስኮት የሌላቸው የብረት ቤቶች ናቸው። በዙሪያቸው 6 ማስወንጨፊያዎች ክብ ሠርተው ይተከላሉ፤ ለእያንዳንዱም የአፈር ካብ ይሠራለታል። ከመካከሉ ወደ እያንዳንዱ ማስወንጨፊያ ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ ይሄዳል፤ ሚሳይል ጭነው የሚያመላልሱ መኪናዎችም መንገድ ያስፈልጋቸዋል። ከአየር ሲታይ ነገሩ ሁሉ እንደ ኮከብ ያለ ቅርጽ ይይዛል። ይህ ቅርጽ ለሥራ የተመቸ ነው፤ ግን ባለቤቱን ያጋልጣል። በ1954 ዓ.ም. ክረምት አሜሪካኖች ዩ-2 በሚባለው የስለላ አይሮፕላን ኩባን ፎቶግራፍ ሲያነሡ፣ የሚሳይሉ ሰፈር መሆኑን ያወቁት በዚሁ ቅርጽ ነው።

ሚሳይሉ ራሱ 10 ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፤ 2,300 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ፈንጂው ወደ 200 ኪሎ ይጠጋል። በጭራው ያለው ደረቅ ባሩድ ለ4 ወይም ለ5 ሴኮንድ ነድዶ፣ ሚሳይሉን ካስነሣ በኋላ ተላቅቆ ይወድቃል። (በማን ማሳ ላይ እንደሚወድቅ መጽሐፉ አይጽፍም፤ የገበሬ ልጅ ግን ይህን ሳይጠይቅ አያልፍም።) ከዚያ በኋላ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራው ሞተር ከ20 ሴኮንድ ለሚበልጥ ጊዜ ይገፋዋል፤ ፍጥነቱም ከድምፅ ፍጥነት 3 እጥፍ ያልፋል። እንደ ዓይነቱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ከመራዊ ቢነሣ ባሕር ዳርን ለጥቂት ያገኛታል ማለት ነው።

ፈሳሽ ነዳጅ ያልነው ነገር የሻለቃው ዋና ጣጣ ነው። ነዳጁን የሚያነደው ሁለተኛው ፈሳሽ ኃይለኛ የናይትሪክ አሲድ ነው። ቆዳ ቢነካ ያቃጥላል፤ ጢሱ ሳንባን ይጎዳል፤ ብረቱንም ቀስ በቀስ ይበላዋል። ስለዚህ የሚሞሉት ሰዎች ከራስ እስከ እግር የላስቲክ ልብስና ጭንብል አጥልቀው፣ ውሃ አጠገባቸው አዘጋጅተው ነው የሚሠሩት። በቀትር ፀሐይ ያንን ልብስ ለብሶ መቆም ምን እንደሚመስል አንባቢ ይገምተው። የተሞላ ሚሳይል ደግሞ እንደ ልብ ለረጅም ጊዜ አይቀመጥም፤ ሰላም ሆኖ ሲሰነብትም መልሶ ማራገፍ፣ ማጠብ፣ መመርመር አለ። ጠላት ሳይመጣ የሚጎዳ መሣሪያ ቢባል ይኸው ነው።

ፔቾራ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። ሁለቱም ክፍሉ በደረቅ ባሩድ ይነዳል። ርዝመቱ 6 ሜትር ያህል ነው፤ ክብደቱ አንድ ቶን አይሞላም፤ አራቱ በአንድ ማስወንጨፊያ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የሚደርሰው እስከ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ ቮልጋ የማይችለውን ዝቅ ብሎ የሚበረውን ይይዛል። አንዱ ለሩቁና ለከፍታው፣ ሌላው ለቅርቡና ለዝቅታው ተደጋግፈው የሚቆሙት ስለዚህ ነው።

ዋናው ነገር የሚሠራው በዚያ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ነው። ሚሳይሉ ዕውር ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው በምድር ያለው ራዳር ነው። መጀመሪያ ሩቅ የሚያየው የቅኝት ራዳር «በዚህ አቅጣጫ አንድ ነገር አለ» ይላል። ከዚያ መሪው ራዳር ወደዚያ ይዞራል። አሁን ሦስት ነገር መታወቅ አለበት፤ አቅጣጫው፣ ከፍታው፣ ርቀቱ። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ወታደር በየመስታወቱ ፊት ተቀምጦ፣ በእጁ መዘውር እያዞረ፣ የብርሃኗን ነጥብ ከመስመሩ ላይ እንዳትወጣ ይጠብቃል። አንዱ ብቻ ቢያዘነጋ የሁለቱ ድካም ከንቱ ነው። ከኋላቸው የመምሪያው መኰንን፣ ከእርሱም ጋር የሻለቃው አዛዥ አለ። ስሌት የሚሠራው መሣሪያ አይሮፕላኑ አሁን ያለበትን ሳይሆን ወደፊት የሚደርስበትን ቦታ ይፈልጋል፤ ትእዛዙም በራዲዮ ወደ ሚሳይሉ ይሄዳል። አንድ ኢላማ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሚሳይል ይለቀቃል።

ይህ ሁሉ በስንት ጊዜ ነው? እዚህ ላይ አንድ ስሌት ሠርተናል፤ ሒሳብ የሚያውቁ ወዳጆቻችን አርመውልናል። መሬት ክብ ስለ ሆነች ራዳር ከአድማስ በታች ያለውን አያይም። የራዳሩን አንቴና ከፍታና የአይሮፕላኑን ከፍታ በሜትር ወስዶ፣ የእያንዳንዱን ስኩዌር ሩት ደምሮ በ4.12 ቢያባዙት፣ የሚታይበት ርቀት በኪሎ ሜትር ይገኛል። አንቴናው 9 ሜትር፣ አይሮፕላኑ ደግሞ 10,000 ሜትር ከፍ ያለ ቢሆን፣ 3 ሲደመር 100 በ4.12 ተባዝቶ 424 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ አድማሱ ሳይከለክል የራዳሩ ጉልበት ቀድሞ ያልቃል። አይሮፕላኑ ግን በ25 ሜትር ከፍታ ዛፍ ለዛፍ ቢመጣ፣ 3 ሲደመር 5 በ4.12 ተባዝቶ 33 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ይህም ሜዳው ጠረጴዛ ቢሆን ነው፤ በሰከላ በኩል ኮረብታ ተገን አድርጎ ለሚመጣ ከዚያም ያንሳል።

በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አይሮፕላን በአንድ ሴኮንድ 250 ሜትር ይሄዳል። 33 ኪሎ ሜትሩን በ132 ሴኮንድ ይጨርሳል። የፔቾራው ሻለቃ 15 ኪሎ ሜትር ላይ ሊያገኘው ቢፈልግ፣ አይሮፕላኑ እዚያ እስኪደርስ 72 ሴኮንድ አለ። ሚሳይሉ ለመንገዱ 20 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ለማየት፣ ራዳሩን ለማዞር፣ ነጥቧን ለመያዝ፣ የማን እንደ ሆነ ለማወቅና ለመወሰን የቀረው 50 ሴኮንድ ያህል ነው። አንድ ሲኒ ቡና እንኳ በ50 ሴኮንድ አይቀዳም፤ ረከቦት ላይ ያለውን ሲኒ ሁሉ ለመደርደር አይበቃም።

ለእነዚህ 50 ሴኮንዶች ሲባል ወራት ይጠበቃሉ። ኑሮው ይህ ነው። ጠዋት ጠዋት ጄኔሬተር ይነሣል፤ መሣሪያው ይሞቃል፤ እያንዳንዱ ክፍል በየተራ ይፈተናል፤ ውጤቱ በመዝገብ ይጻፋል። በሜጫ ክረምት እንዲህ ያለ ሻለቃ ቢሰፍር ምን እንደሚገጥመው ለመገመት ወታደር መሆን አያሻም። ቀይ አፈሩ ውሃ ሲጠጣ የሚሳይል መኪና እስከ ቦይው ድረስ ይሰምጣል፤ ገመዱ በጭቃ ውስጥ ይተኛል፤ የገመዱ መገናኛ እርጥበት ሲገባው ነጥቧ ትንቀጠቀጣለች። በበጋ ደግሞ በማስወንጨፊያው ዙሪያ ያለው ሣር መታጨድ አለበት፤ የባሩዱ እሳት ደረቅ ሣር ካገኘ ሰፈሩን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። በክፍሉ ውስጥ የመሣሪያው ሙቀትና ጨለማው ዓይን ያደክማል። ተረኛው ወጥቶ ኮቾሮውን በሻይ ነክሮ ይበላል፤ ይተኛል፤ የማንቂያ ደወል ሲደወል ጫማውን ሳያስር ይሮጣል። ብዙውን ጊዜ ደወሉ ልምምድ ነው። አዛዡ ልምምድ ነው አይለውም፤ ቢለው ልምምድ አይሆንምና።

ደግሞም ራዳር ሲበራ ያያል፤ ግን ይታያል። በሌሊት ፋኖስ ይዞ ሌባ የሚፈልግ ሰው፣ ሌባውን ሳያይ ሌባው እርሱን እንደሚያየው ነው። ከቬትናም ጦርነት ጀምሮ የራዳሩን ጨረር ተከትለው ወደ ራዳሩ የሚወርዱ ሚሳይሎች ተሠርተዋል፤ የሚመቱትም ያንን መስኮት የሌለውን ክፍልና በውስጡ የተቀመጡትን ሰዎች ነው። ስለዚህ የሻለቃ ጥበብ መቼ ማብራት ብቻ ሳይሆን መቼ ማጥፋት እንደሚገባ ማወቅም ነው። ይህን በተግባር ያሳየው ዞልታን ዳኒ የሚባለው የዩጎዝላቪያ መኰንን ነው። መጋቢት 18 ቀን 1991 ዓ.ም. የእርሱ ሻለቃ በዚያው በአሮጌው ኤስ-125፣ ከራዳር የተሰወረ ይባል የነበረውን የአሜሪካኖቹን ኤፍ-117 መትቶ ጣለ። ዳኒ መሪው ራዳር ከ20 ሴኮንድ በላይ በርቶ እንዳይቆይ ደንግጎ ነበር፤ ሰፈሩንም ደጋግሞ ይለውጥ ነበር። ገመድ መጠቅለልና መዘርጋት የሰለቸው ወታደር ያን ጊዜ አዛዡን ሳያማ አልቀረም እንላለን፤ ሻለቃው ግን ከጦርነቱ በሕይወት ወጣ። አብራሪው ዴል ዜልኮ በጃንጥላ ወርዶ ዳነ። ዳኒ ከጦሩ ከወጣ በኋላ ዳቦ ጋጋሪ ሆነ፤ ከዓመታት በኋላም ሁለቱ ተገናኝተው ወዳጆች ሆነዋል።

መሣሪያው የማይችለውንም መናገር አለብን። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት በባሕር ዳርና በጎንደር አይሮፕላን ማረፊያዎች ላይ ከትግራይ በኩል ሮኬት በተተኮሰ ጊዜ፣ በከተማው የነበሩ ወዳጆቻችን «አየር መቃወሚያ የለም ወይ?» ሲሉ እንደ ነበር ይነግሩናል። ቮልጋና ፔቾራ የተሠሩት ለአይሮፕላን ነው። ወደ ሰማይ ወጥቶ በቁልቁለት የሚመጣ ሮኬት ትንሽም ፈጣንም ነው፤ አብራሪ የለውም፣ አይሸሽም፣ ለማየትም ለመያዝም ሌላ ዓይነት መሣሪያ ይፈልጋል። በአንድ ከተማ ሚሳይል አለ ማለት ከተማው ጣራ አለው ማለት አይደለም።

ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ፤ ከሁሉም የከበደን እርሱ ነውና።

ራዳሩ ስም አያነብም። የሚያየው «አንድ ነገር» ነው። በጣና ዳር ደግሞ ያ ነገር ወፍም ሊሆን ይችላል። የጣና ወፍ ብዛቱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አይሮፕላን መጣሉንም አንርሳ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ሲነሣ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገብቶ ወደቀ፤ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። በመስታወት ፊት የተቀመጠው ልጅ በመጀመሪያ ነጥቧ ወፍ፣ ዝናብ ያዘለ ደመና ወይም ብረት መሆኗን በፍጥነቷና በአካሄዷ መለየት ይማራል።

ብረት ከሆነች ደግሞ የማን ናት? ለዚህ የተበጀው ዘዴ ከድሮ ዘብ ጥያቄ አይለይም። «ማነህ?» ይላል ከምድር የሚሄደው የራዲዮ ምልክት፤ በአይሮፕላኑ ውስጥ ያለ ሣጥን በምስጢር ቁጥር «ወዳጅ» ብሎ ይመልሳል። ይህ የይለፍ ቃል ነው። ነገር ግን የመለሰ ሁሉ ወዳጅ ሊሆን ይችላል እንጂ፣ ያልመለሰ ሁሉ ጠላት አይደለም። ሣጥኑ ተበላሽቶ ይሆናል፤ ቁጥሩ ተለውጦ አልደረሰው ይሆናል፤ የመንገደኛ አይሮፕላንም የወታደር የይለፍ ቃል አይዝም። ስለዚህ ሻለቃው የመንገደኛ በረራዎችን ሰዓትና መስመር ማወቅ አለበት፤ የአዲስ አበባው በረራ ሲዘገይም ሊነገረው ይገባል።

ይህ ጥያቄ በስሕተት የተመለሰባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ሚያዝያ 23 ቀን 1952 ዓ.ም. የሶቪየት ሚሳይለኞች የጋሪ ፓወርስን ዩ-2 በኤስ-75 መትተው ጣሉ፤ ዓለም ሁሉ ይህን ያውቃል። በዚያው ሰዓት ሌላው ሚሳይላቸው፣ ዩ-2ን ሊያሳድድ የወጣውን የራሳቸውን ሚግ-19 አብራሪ ሰርጌይ ሳፍሮኖቭን መግደሉ ግን ለብዙ ዓመታት ተሸሽጎ ኖረ። ሰኔ 26 ቀን 1980 ዓ.ም. ቪንሰንስ የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ የኢራንን የመንገደኛ አይሮፕላን እንደ ተዋጊ ጄት ቈጥራ 290 ሰው ፈጀች።

ከራሳችንም አንሸሽግ። ነሐሴ 23 ቀን 1991 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በነበረው ጦርነት ጊዜ፣ ከግብፅ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረ አንድ ትንሽ የሲቪል ሊርጄት በዐድዋ አካባቢ በሠራዊታችን ተመትቶ ወደቀ፤ በውስጡ የነበሩት ሞቱ። አካባቢው የጦርነት ሰማይ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በፊት፣ ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ የመቀሌ ዓይደር ትምህርት ቤት ከአየር ተደብድቦ ነበርና ጣት ሁሉ በቃታ ላይ ነበር። ሚያዝያ 26 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ በሶማሊያ ባርዳሌ የነበሩ ወታደሮቻችን የሕክምና ዕቃ የጫነ የኬንያ አይሮፕላን አጥፍቶ ለመጥፋት የመጣ መስሏቸው ተኩሰው ጣሉት፤ 6 ሰው ሞተ። ይህ የሆነው በሚሳይል ሻለቃ አይደለም፤ ግን ጥያቄው ያው የሽማግሌው ጥያቄ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ፣ በመስከረም 2013 ዓ.ም. በሕዳሴው ግድብ ላይ በረራ መከልከሉ ግድቡን ብቻ ሳይሆን መንገደኛውንም የሚጠብቅ ነው፤ ማንም መንገደኛ ሳያውቅ እንዳይገባና በመስታወቱ ፊት ያለው ልጅ 50 ሴኮንዱን በጥርጣሬ እንዳይፈጅ ያደርጋልና።

ለጥምቀት ወደ መራዊ ስንመለስ ሽማግሌውን ፈልገን አገኘናቸው፤ ይህን ሁሉ እያሳጠርን ነገርናቸው። ማማውንና ወንጭፉን ስንጠቅስ ፈገግ አሉ። የይለፍ ቃሉ ገባቸው፤ በወጣትነታቸው ዘብ ቆመዋል። ስለ በረራው ሰዓት ስንነግራቸው ግን አቋረጡን።

«የዘገየ እንደ ሆነ ማን ይነግራቸዋል?»

«በስልክ ይነገራቸዋል፣ አያ።»

«ስልኩስ ቢቋረጥ?»

ታኅሣሥ 29 ቀን 2012 ዓ.ም. በቴህራን የሆነውን ነገርናቸው። የኢራን ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ባወጣው የምርመራ ዘገባ እንደ ተጻፈው፣ አንድ የሚሳይል ክፍል ሰፈሩን ለውጦ ነበር። ሰፈር የለወጠ ሻለቃ የመጀመሪያ ሥራው መሣሪያውን እንደገና ከሰሜን ጋር ማስተካከል ነው። ያ አልተደረገም፤ አቅጣጫው ከ100 ዲግሪ በላይ ተዛንፎ ቀረ። ከአይሮፕላን ማረፊያው ተነሥቶ የሚሄደው የዩክሬን የመንገደኛ አይሮፕላን በመስታወቱ ላይ ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣ ሆኖ ታየ። ተረኛው የበላይ አዛዦቹን ለማግኘት ሞከረ፤ መገናኛው አልሠራም። መልስ ሳያገኝ ሁለት ሚሳይል ተኰሰ። 176 ሰው ሞተ፤ የተረፈ የለም።

ሽማግሌው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በበትራቸው ጫፍ ወደ ባሕሩ፣ ወደ ጣና በኩል አመለከቱና፣ «ሰሜን ወዲያ ነው የሚላቸው አንድ ሰው አልነበረም?» አሉን።